ሸክላ ወይስ ስልክ? መጀመሪያ ማስተሩ የት እንዳለ ንገሩኝ

የድሮ ዘፈን ወዳጆች መንደር ውስጥ ተጀምሮ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «የድሮ ዘፈን በሸክላ ካልሰማኸው አልሰማኸውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተወን እስቲ! የፈለግኩት ዘፈን ሁሉ ኪሴ ውስጥ እያለ ምን ሸክላ አሸከመኝ?» ብሎ ይመልሳል። መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ በወጣ ቁጥር ኮሜንቱ በዚሁ ጠብ ይሞላል።

እኔ ከሁለቱም ወገን ነኝ። ቤቴ አንድ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ አለ፤ መንገድ ላይ ደግሞ እንደ እናንተው ጆሮዬ ላይ ኤርፎን ሰክቼ ነው የምውለው። ክርክሩን ስከታተል ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ስለ ማጫወቻው ስንጣላ ስለ ቅጂው የሚጠይቅ ጠፋ። የምንሰማው ድምፅ ከየት ተቀድቶ ነው እኛ ጋ የደረሰው? ዋናው ቅጂ፣ ባለሙያዎቹ «ማስተር» የሚሉት፣ የት ነው ያለው? ማን እጅ ላይ ነው? ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ሸክላው ተመልሶ መጣ

ሸክላ ሞቷል ተብሎ ነበር። በ1982 ሲዲ ገበያ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ኤምፒ3 መጣ፤ ቀጥሎ እነ ስፖቲፋይ ነገሡ። ሸክላ በዚህ ሁሉ መሀል የሽማግሌዎች ዕቃ ሆኖ ቀረ። አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል። የአሜሪካ ሪከርድ ኩባንያዎች ማኅበር እንዳወጣው ቁጥር ከሆነ፣ በ2022 አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ላይ ቆሟል። ሸክላ በሽያጭ ብዛት ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ዓመት እዚያው አሜሪካ ከሁሉም በላይ የተሸጠው ሸክላ ደግሞ የድሮ ጃዝ አይደለም፤ የቴይለር ስዊፍት «ሚድናይትስ» ነው። ገዢው ሽማግሌ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

የሚያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ሉሚኔት የተባለው የሙዚቃ ገበያ አጥኚ ድርጅት እንዳገኘው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሸክላ ከገዙ አሜሪካውያን መካከል ማጫወቻ ያላቸው ግማሾቹ ብቻ ናቸው። ልብ በሉ! ግማሹ ሸክላ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ መደርደሪያ ላይ ያቆማል፣ ሽፋኑን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። ሙዚቃውን የሚሰማው ከዚያው ከስልኩ ነው።

ይሄን የማነሳው ለመሳቅ ብዬ አይደለም። የሚወዱትን ዘፋኝ በእጅ መያዝ፣ «የእኔ ነው» ማለት፣ ሽፋኑን እያዩ ማዳመጥ እውነተኛ ደስታ ነው። ሸክላ አንዱ ፊቱ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ ተነስታችሁ ትገለብጡታላችሁ። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ትሰማላችሁ፤ ስልክ ላይ ግን 10 ሰከንድ ሰምተን ወደ ሚቀጥለው እንዘላለን። ያ ሁሉ ሆኖ ግን የሸክላው መመለስ የድምፅ ጥራት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለን ሰው፣ ማጫወቻ የሌለውን ግማሹን ገዢ ማስረዳት አለበት።

ሳይንሱ ማንን ይደግፋል?

«ዲጂታል ድምፅ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፣ ሸክላ ግን ወጥ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሲያዩት እውነት ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ነው፤ ያውም የልጅ ጆሮ፤ ዕድሜ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ሥራ በሒሳብ እንዳሳየው፣ አንድን ሞገድ ከከፍተኛው ድግግሞሹ ከእጥፍ በላይ አዘውትራችሁ ከለካችሁት ሞገዱን እንደነበረ መልሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 44,100 ከ20,000 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከማጫወቻው ወጥቶ ጆሯችሁ የሚደርሰው ሞገድ ደረጃ ደረጃ የለውም፤ ለስላሳ ነው።

ሌላም አለ። በጣም ዝግ ካለው ድምፅ አንስቶ በጣም እስከሚጮኸው ድረስ ያለው ርቀት ሲዲ ላይ ወደ 96 ዴሲቤል ይደርሳል። ሸክላ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ገደማ ነው። ሸክላ ቁስ ነው፤ ድምፁ የተቀረጸው በቀጭን ቦይ ውስጥ ነው። ወፍራም ቤዝ ሰፊ ቦይ ይፈልጋል፤ እንዳለ ቢቀረጽ ቦታ ይጨርሳል፣ መርፌውንም ያዘልለዋል። ስለዚህ ሲቀረጽ ቤዙን ቀንሰው ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ያደርጉታል፤ ሲጫወት ደግሞ አምፕሊፋየሩ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። መርፌው ወደ መሀል እየተጠጋ ሲሄድ ድምፁ የመሻከር ባሕርይ አለው። በተጫወተ ቁጥርም ጥቂት በጥቂት ይበላል።

በቁጥር ከሄድን እንግዲህ ዲጂታል አሸነፈ። ክርክሩ እዚህ ጋ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም፤ ምክንያቱም ሸክላ ወዳዶቹ «ልዩነት አለው» ሲሉ ብዙ ጊዜ አልተሳሳቱም። ልዩነቱን ያመጣው ግን እነሱ የሚያስቡት ነገር ላይሆን ይችላል።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሳታሚዎች ዘፈኖቻቸውን ከሌላው ዘፈን የበለጠ እንዲጮኹ ሲሽቀዳደሙ ኖረዋል። ዝግ ያለውን ክፍል ከፍ፣ ከፍ ያለውን ደግሞ ጨፍልቀው ሁሉንም እኩል ያስጮኹታል። ታዋቂው ምሳሌ የሜታሊካ የ2008 አልበም «ዴዝ ማግኔቲክ» ነው። የዚያ አልበም ዘፈኖች «ጊታር ሂሮ» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ያን ያህል ሳይጨፈለቁ ስለገቡ፣ አድናቂዎቹ «የጌሙ ይሻላል» ብለው ተነሱ። ያው ዘፈን፣ ያው ባንድ፣ ሁለቱም ዲጂታል! የተለየው ማስተሩ ነበር። ለሸክላ የሚዘጋጅ ማስተርም አንዳንዴ ከሲዲው ያነሰ የተጨፈለቀ ስለሆነ የተሻለ ይሰማል። አድማጩ ግን ምስጋናውን ለፕላስቲኩ ይሰጣል።

ስሙ «ሞባይል» የሆነው ኩባንያ ጉድ

ይሄን ነገር ከማንም በላይ ያጋለጠው በ2022 አሜሪካ የተፈጠረ ጉድ ነው። «ሞባይል ፊደሊቲ» የሚባል ኩባንያ አለ። ስሙ ሞባይል ቢልም ከስልክ ጋር አይገናኝም፤ ውድ ውድ ሸክላ የሚያሳትም ነው። ደንበኞቹ እጅግ ጥንቁቅ አድማጮች ናቸው። ሸክላዎቹ ከዋናው ቴፕ በቀጥታ፣ ምንም ዲጂታል ነገር ሳይነካቸው እንደሚቀረጹ ያምኑ ነበር።

በዚያ ዓመት ኩባንያው የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» በ40,000 ቅጂ ሊያሳትም ነው ተባለ። አዋቂዎች ተጠራጠሩ፤ ያን ሁሉ ሸክላ ለማተም ዋናውን ቴፕ ደጋግሞ ማጫወት ይጠይቃል፣ ማን ይፈቅድለታል? በሐምሌ ወር አሪዞና ውስጥ ሸክላ የሚሸጥ አንድ ሰው ነገሩን ዩቲዩብ ላይ አወጣው። የኩባንያው መሐንዲሶችም አመኑ፦ ከ2011 ጀምሮ ብዙዎቹ ሸክላዎች በመሀል በዲጂታል ፋይል ያለፉ ናቸው። ደንበኞች ከሰሱ፤ ኩባንያው በ25 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ተገደደ።

ገዢዎቹ የተናደዱት ስለተዋሹ ነው፤ ተገቢም ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ሌላ ነው። ለ11 ዓመት ያህል፣ መኪና በሚገዛ ገንዘብ ማጫወቻ የገዙ ሰዎች እነዚያን ሸክላዎች እየሰሙ «ዲጂታል ድምፅ እንዲህ አይሰማም» ሲሉ ዲጂታሉን ነበር የሚሰሙት። አልታወቃቸውም። ደግሞም ሸክላዎቹ በእርግጥ ግሩም ነበሩ! ግሩም ያደረጋቸው የተሠሩበት ፋይል ከዋናው ቴፕ በጥንቃቄ የተቀዳ መሆኑ ነው። ምንጩ ቅርብ ነበር።

አማርኛችን ይሄን ነገር ድሮም ያውቀዋል። ውኃም ይቀዳል፣ ዘፈንም ይቀዳል፤ ቃሉ አንድ ነው። ምንጩ ከደፈረሰ ጣሳው ወርቅ ቢሆን ምን ይጠቅማል?

የእኛ ዘፈን በስንት እጅ አለፈ?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ለእኛ ይሄ ጉዳይ የቅንጦት ወሬ ብቻ አይደለም።

የሸክላ ታሪካችን ረጅም ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ገና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሸክላ ላይ ተቀድተዋል። እናንተ «የድሮ ዘፈን» የምትሉት ግን በአብዛኛው ከ1969 ወዲህ ያለው ነው። እስከዚያ ድረስ ሸክላ የማሳተም መብት በ1948 በወጣ የመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ያንን ጥሰው «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸክላቸው የአለማየሁ እሸቴ ነበር፤ የታተመውም ሕንድ አገር ነው። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትልልቆችን አወጣ። ፊሊፕስና ካይፋ ሪከርድስም ተከተሉ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ አቶ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ሸክላ ቆመና ዘመኑ የካሴት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ በጣታችሁ ቁጠሩ። ባንዱ ስቱዲዮ ውስጥ ተሰብስቦ በቴፕ ተቀዳ፤ አንድ። ቴፑ ውጭ አገር ሄዶ ሸክላ ሆነ፤ ሁለት። ሸክላው በሙዚቃ ቤት በኩል ወደ ካሴት ተቀዳ፤ ሦስት። ካሴቱ ወደ ሌላ ካሴት፤ አራት። ያ ካሴት በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ገብቶ ቦታ እንዳይፈጅ የተጨመቀ ኤምፒ3 ሆነ፤ አምስት። ዩቲዩብ ላይ ሲጫን እንደገና ተጨመቀ፤ ስድስት። ከዩቲዩብ ወርዶ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ፤ ሰባት። ከስልካችሁ ወደ ኤርፎናችሁ በብሉቱዝ ሲሄድ አንዴ ደግሞ ይጨመቃል፤ ስምንት። ሁሉም ዘፈን በዚህ መንገድ አለፈ አልልም። ብዙው ግን ከዚህ የራቀ አይደለም።

እኔ አንድ የአለማየሁ እሸቴ ዘፈን መርጬ በሦስት መንገድ ሰማሁት፦ ከሸክላው፣ ከሲዲና ቴሌግራም ላይ ካገኘሁት ፋይል። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ሸክላው ይንጫጫል፤ ግን ቤዝ ጊታሩ ይራመዳል፣ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይነክሳሉ። ሲዲው ከሸክላው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ጫጫታው የለም። የቴሌግራሙን ስከፍት ልጁ ቀና አለና «ይሄን ደግሞ ማነው የዘፈነው?» አለኝ። አልተሳሳተም። ፋይሉ ከሸክላው ፈጥኖ ነበር የሚሄደው፤ የዘፋኙ ድምፅም ቀጥኗል።

ይሄ እንዴት ይሆናል? የካሴት ማጫወቻ ሞተሩ ካረጀ ፍጥነቱ ይዛባል። ፍጥነት 6 በመቶ ገደማ ከጨመረ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ከፍ ይላል። ቅኝቱን በጆሮ የሚያጠና ወጣት ክራር ተጫዋች ያንን ፋይል ይዞ ቢለማመድ፣ ዘፋኙ ጭራሽ ባልዘፈነበት ድምፅ ነው የሚማረው። «ዲጂታል ነው፣ ጥርት ያለ ነው» የምንለው ፋይል እንዲህም ያታልላል።

እዚህ ጋ «አየህ፣ ሸክላ ይሻላል ማለት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሲዲው ዲጂታል ነው፤ ግን ከሸክላው ጋር ተቀራርቧል። ምስጢሩ የመንገዱ ማጠር ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ሲጀመር፣ አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ሥራዎች ፈቃድ ከአቶ አምሃ አግኝቶ ነው የሠራው። ዓለም የእኛን ሙዚቃ ያወቀው በዚያ ዲጂታል ሥራ ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ያስገባውም ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ ውጭ አገር ያሉ አሳታሚዎች ያንኑ ዘመን መልሰው በሸክላ ያወጡታል፤ የሙላቱ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የ1972 ሥራ ሲሆን በ2017 እንደገና ታትሟል። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ጨበለው»ም በ2014 ተመልሶ ወጥቷል።

ደስ ይላል፤ ያናድዳልም። ሸክላው የሚታተመው እዚያ፣ የሚሸጠው እዚያ፣ በዶላርና በዩሮ ነው። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የጥንቶቹ ትንንሽ ሸክላዎች ደግሞ በኢንተርኔት ገበያ በመቶዎች ዶላር ይሸጣሉ። ለአንድ ፈረንሳዊ ሰብሳቢ የሙዚቃችን ጥሩ ቅጂ በእጁ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ወጣት የተረፈው ስምንተኛው ቅጂ ነው። በእኔ እይታ ትልቁ የጥራት ልዩነት በሸክላና በስልክ መካከል ያለው ሳይሆን ይሄኛው ነው።

ስም የሌለው ዘፈን

ድምፁን ብቻ አይደለም ያጣነው። ሸክላ መሀሉ ላይ ክብ ወረቀት አለው። ሁልጊዜ የተሟላ ባይሆንም የዘፋኙ፣ የባንዱ፣ አንዳንዴም የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች ስም፣ የአሳታሚውና የቁጥሩ መለያ እዚያ ይጻፋል። ያው ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ «ምርጥ የድሮ ዘፈኖች ስብስብ» ተብሎ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘፈን፣ አንድም የአቀናባሪ ስም የለም።

ግርማ በየነን ውሰዱ። የዚያን ዘመን ብዙ ዘፈኖች ያቀናበሩ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ረጅም ዘመን አሜሪካ ከመድረክ ርቀው ኖረው በ2017 «አካሌ ውቤ» ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የኢትዮፒክስን 30ኛ ቅጽ ሠርተዋል። በስልካችሁ የምትሰሙት ስንት ዘፈን ውስጥ የእሳቸው እጅ እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ብታውቁም የምታውቁት ከፋይሉ አይደለም።

ይሄ ስም የማንሳት ጉዳይ ገንዘብም አለበት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚን መብት ከታተመበት ጊዜ አንስቶ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ቁጠሩት፦ በ1969 የታተመው በ2019 ሞላው፣ በ1975 የታተመው በ2025። በዚህ ስሌት ያ ወርቃማ ዘመን የሚባለው ሥራ ከአሳታሚነት ጥበቃው እየወጣ ነው። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ግን ሰውየው በሕይወት እስካሉና ካረፉም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ ደራሲው ማን እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት ከጠፋ፣ ቤተሰቡ በምን ይጠይቅ? ያ ክብ ወረቀት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከስልካችሁ እንጀምር። ምንም ሳትገዙ የምታሻሽሉት ነገር አለ። የምትጠቀሙበት አፕ ውስጥ ገብታችሁ የድምፅ ጥራት የሚለውን እዩት፤ ዳታ ቆጣቢው በርቶ ሊሆን ይችላል። በ128 ኪሎቢት የሚሄድ ዘፈን በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ፣ በ320 የሚሄደው 2.4 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ለአራት ደቂቃ ዘፈን ልዩነቱ 6 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ዘፈን በቪዲዮ እየሰማችሁ ከሆነማ ከዚህ የሚበልጥ ዳታ እያቃጠላችሁ ነው፤ ምስሉን ለማታዩት። ዋይፋይ ባለበት በከፍተኛ ጥራት አውርዳችሁ መንገድ ላይ ስሙት።

ሁለተኛ፣ ባለ ገመድ ኤርፎን አትናቁ። በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከብሉቱዙ የተሻለ ይሰማል። የስልኩን ስፒከር ግን ለድሮ ዘፈን አትመኑት፤ ቤዙን አውጥቶ ማሰማት ስለማይችል ግማሹን ባንድ ይደብቅባችኋል።

ሦስተኛ፣ አፕል ሚውዚክ በ2021፣ ስፖቲፋይ በ2025 ጥራቱ ያልተቀነሰ ድምፅ፣ «ሎስለስ» የሚሉትን፣ ጀምረዋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አትሞኙ፤ የተበላሸ ቅጂ በሎስለስ ቢመጣ ብልሽቱን አንዳች ሳይቀንስ ነው የሚያመጣላችሁ። ስለዚህ ከአንድ ዘፈን ሁለት ሦስት ቅጂ ካለ አወዳድሩ፤ አሳታሚውና ዓመቱ የተጻፈበትን ምረጡ።

ቤታችሁ ሸክላ ካለስ? አያት ጋ፣ አጎት ጋ፣ ቆጥ ላይ የተረሳ ሣጥን ውስጥ? እባካችሁ አትጣሉት። አቁማችሁ እንጂ ደራርባችሁ አታስቀምጡት፤ ከፀሐይ አርቁት። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ መርፌያቸው ከባድ ስለሆነ ቦዩን ይበሉታል፤ ብርቅዬ ሸክላ በእነሱ አትሞክሩ። ከላስቲክ በፊት የነበሩትን ተሰባሪ ሸክላዎች ደግሞ በአልኮል እንዳትጠርጉ፤ ይሟሟሉ። ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ የምትችሉት አንድ ሥራ አለ፦ ክቡን ወረቀት በሁለቱም ፊት በስልካችሁ ጥርት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ጥሩ ማጫወቻ ያለው ሰው ፈልጋችሁ አንድ ጊዜ፣ ሳይጨመቅ፣ በዋቭ ወይም በፍላክ ፋይል ያስቀዱት። ዋሽንግተንም ሮምም ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁ ከአገር ሲወጡ ይዘውት የወጡት ሸክላ ካለ እናንተንም ይመለከታል።

ይሄ ሁሉ ግን በእኔና በእናንተ ትከሻ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለን፣ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለን፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለን፣ አሥርት ዓመታት የቀዳ የሬዲዮ ጣቢያ አለን። የአገሪቱ የድምፅ ቅርስ የት የት እንዳለ፣ ማን ምን እንደያዘ የሚያሳይ አንድ የጋራ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ቢሆን፣ ከዚያ ላይ በደንብ የተቀዳ ዲጂታል ቅጂ ከነባለቤቶቹ ስም ቢቀመጥ፣ ወጣቱ ስምንተኛውን ቅጂ የሚሰማበት ምክንያት አይኖርም። ቴፕ ዕድሜ አለው፤ ማግኔቱ ይራገፋል፣ ማጣበቂያው ይለቃል። ሸክላ ይሰበራል። በደንብ የተቀዳ ፋይል ግን አንድ ሺህ ጊዜ ቢባዛ ሺኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ዲጂታል በዚህ አቻ የለውም፤ እኛ ግን ይሄን ጥቅሙን ትተን የምንጠቀምበት የተበላሸውን ለማባዛት ነው።

ስለዚህ ሸክላ የምትወዱ ውደዱ፤ ስልክ የምትወዱም እንዲሁ። ጓደኛችሁ «ሸክላ ይሻላል ወይስ ስልክ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ግን አትከራከሩት። «ከየት የቀዳኸው ነው?» በሉት። የማያውቅ ከሆነ አብራችሁ ፈልጉ።